ወራጅ በወራጅ ላይ

ከቫልዲቪያ በስተምሥራቅ፣ ዝናብ ከማይሰለቸው አገር፣
አንድ ወንዝ አለ፣ እርሻችንን ለሁለት የሚሰነጥር።
ፒቺሌፉ ይሉታል፤ በማፑቼ ቃል «ትንሽ ወንዝ» ነው፤
ስሙን ያወጣለት ሰው በሐምሌ አላየው።

ትራክተራችን ከወዲህ፣ የድርቆሽ ማሳችን ከወዲያ፣
በመካከል ሰባት ሜትር ውሃ፣ ያለ ማለፊያ።
ሦስት በጋ ዞረን ሄድን፣ አሥራ አንድ ኪሎሜትር በጠጠር፣
በዶን ቤላርሚኖ በር፣
ለማለፊያው በየዓመቱ አንድ ጠቦት ስንገብር።
እሱም «ኧረ ለምን ተቸገራችሁ» ይላል፤
እጁ ግን ገመዱን ይዟል።

በአራተኛው ዓመት ወንድሜ ኤሊሴዮ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣
በዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ ድልድይ ወለደ፦
ሁለት ግንድ፣ ከላይ ሳንቃ፤
«ይኸው፣ አለቀ በቃ።»
«ስንት ይመዝናል?» አልኩት።
«ምኑ?» አለኝ። ተውኩት።
በማግሥቱ የድርቆሽ ማሰሪያውን ከትራክተሩ ኋላ ቀጥዬ፣
ከጠጠር ሻጮች ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ መሪውን እንደያዝኩ፣ ከነጭቃ ጫማዬ።
ወረቀቱን ከእርሳሱ አጠገብ አኖርኩለት፦
አምስት ቶን ከሁለት መቶ፤ የኔም ሥጋ አለበት።
ዝም ብሎ አየና፣ በሁለቱ ግንድ ላይ ሁለት ጨመረበት።

ማዕበል የጣላቸውን ሦስት የኮይዌ ግንዶች በበሬ ጎተትን፣
ቅርፊታቸውን ላጥን።
ቅርፊት እርጥበት ያቅፋል፤ እርጥበት ያቀፈ እንጨት ከውስጥ ነው የሚሞተው፣
ከውጭ ላየው ደኅና ነው።

ኤሊሴዮ የድንጋይ መደገፊያውን ከዳሩ ላይ ካበ፣
ግንድ ላለማስረዘም ብሎ ወደ ውሃው ቀረበ።
አባታችን በአኻያው ላይ የመታው ምስማር አለ፣
«ውሃው እዚህ ደርሷል» ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ ያላለ።
ወንድሜ ከምስማሩ በታች ነበር የካበው።
«ይህ ምስማር ኮፍያ መስቀያ ነው?»
አልኩት። ሁለት ቀን ተኳረፍን፤
ጨው እንኳ በአገጭ እየጠቆምን ተቀባበልን።
በሦስተኛው ጧት የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ፦ ያፈርሳል፤
ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ክንድ ወደ ላይ ይክባል።

ሦስቱ ግንዶች ለጥቂት ደረሱ። አራተኛው ከየት ይምጣ?
ሁለታችንም ወደ ቤቱ ዞርን፤ ቃል ግን ከማንም አልወጣ።

ከጓሮ የቆመው ዛፍ፣ እናታችን ልብስ ያሰጣችበት፣
የገመዷ ኩላብ ከግንዱ ሥጋ የተዋጠበት።
ስንቆርጠው መጋዙ ጮኸ፤ ሁለት ጥርሱ ረገፈ፣
የዛገው ብረት ግን ተረፈ።
ኤሊሴዮ በጉጠት ታገለው። «ተወው» አልኩት፤ ተወው።
ዛሬም ከሳንቃው ሥር፣ ከአራተኛው ግንድ ጎን ነው።

ወራጁን በወራጁ ላይ አጋደምን፤
የታችኛው ይሄዳል፤ የላይኛው ይችላል፣ ሳንቃና ብሎን ተሸክሞ፤
ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ፣ አንዱ ሮጦ፣ አንዱ ቆሞ።

በመጀመሪያው ማለፊያ መሪውን ያዝኩ።
እሱ ከድልድዩ ሥር ገባ፣ ውሃው እስከ ጉልበቱ። «ውጣ!» ብዬ ጮህኩ።
«እንጨት ሲናገር የሚሰማው ከሥር ነው» አለ፤
ጎማው ሳንቃውን ሲነካ ትንፋሼ ተንጠለጠለ።
ግንዶቹ አቃሰቱ፣ ተቀበሉኝ። መሐል ላይ ቆሜ፣ እንደተባባልነው፣ እስከ አሥር ልቆጥር ጀመርኩ፤
በሰባት ላይ ሳቁ በሳንቃው ስንጥቅ መጣ። ሦስቱን ሳልጨርስ ተሻገርኩ።

ላማችን ፔርፔቱዋ እስካሁን በድልድዩ አትሄድም፣
ሆዷን አርሳ ትመጣለች፤ እኛም አንጨቃጨቅም።

በሰኔ ሦስት ሌሊት ዘነበ። ባትሪዬን ይዤ ወረድኩ፤
ኤሊሴዮን እዚያው አገኘሁት፤ ምንም አልጠየቅኩ።
ምስማሩ ሰጥሟል። ውሃው ከግንዶቹ ሆድ በታች፣ በአንድ ስንዝር፣ ያልፋል፤
ቅርንጫፍ፣ አረፋ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ በርሜል ያንከባልላል።
ብዙ ቆምን። ስለ አባታችን የሆነ ነገር የሚል መስሎኝ ነበር፤
እሱ ግን ባትሪውን ወደ ጎን አበራ፣
«ከዳር ሦስተኛው ብሎን ላልቷል» አለኝ፤
«ነገ፣ ካባራ።»